ድልድዩን ማን ከፈለው?

ጎጃምን ዓባይ ከሦስት ወገን ስለሚከባት ገቢም ወጪም ድልድይ ያያል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ መንገደኛ የመጀመሪያው፣ ደጀን ከመድረሱ በፊት በረሃው ውስጥ የሚያገኘው የሕዳሴ ድልድይ ነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ ነው። ወደ ሰሜን ዘልቆ ባሕር ዳር የገባ ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያገኛል። የዚህን ወጪ የቻለው የፌዴራል መንግሥት ነው።

ሦስተኛው ድልድይ የትኛውም ካርታ ላይ የለም። ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈራችን ስንገባ የሚያቋርጠንን ቦይ የምንሻገርበት ነው፤ አራት የሲሚንቶ ቱቦና አንድ ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ። እሱን የከፈልነው እኛ ነን። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደብተር ይዘው በየቤቱ ዞሩ፤ ሀብታሙም ድኻውም፣ ባለቤቱም ተከራዩም እኩል አዋጣ።

ነገሩ ሲታይ ግራ ያጋባል። ትልቁን ድልድይ የሚከፍለው ሩቅ ያለ ሰው ነው፤ መሠረተ ልማቱ እያነሰና ወደ በራችን እየቀረበ ሲመጣ ከፋዩም ወደ ኪሳችን ይቀርባል። መዋጮ በተጠራ ቁጥር ታዲያ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ግብር ከፍለን፣ ሊዝ ከፍለን፣ ደግሞ ይኼ ለምን? ከጥያቄው በፊት ግን ሒሳቡን ከሥር መሠረቱ ማየት ይሻላል።

መሠረተ ልማት ሲባል አንድ ነገር ነው?

አይደለም፤ አብዛኛው ጭቅጭቅም የሚመጣው ሁሉን በአንድ ስም ከመጥራታችን ነው። የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ልዩነቱን ቶሎ ይረዳዋል። መርዓዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የተገነባ ነው። ግድቡንና ዋናውን ቦይ አንድ ገበሬ ወይም አንድ ጎጥ ሊሠራው አይችልም። ወደ ማሳው የምትገባዋን ትንሿን ቦይ መጥረግ ግን የባለ ማሳው ሥራ ነው፤ በመካከል ያለችውን ቦይ ደግሞ አብረው የሚጠጡት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው ያጸዷታል።

ከተማም እንዲሁ ነው። የውሃ ጉድጓዱ፣ ትልቁ ማጠራቀሚያ ጋን፣ ዋናው መስመር፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያው፣ ከተማዋን የሚያቋርጠው አስፋልት ግንዱ ናቸው። የሰፈሩ ጌጠኛ ድንጋይ፣ የጎርፍ መውረጃው፣ የመንገድ መብራቱ ቅርንጫፉ ነው። ከዋናው ቱቦ እስከ ግቢ ያለው መስመርና ቆጣሪው ደግሞ ቅጠሉ እንበለው። ቅጠሉን ተጠቃሚው ይክፈል ቢባል ብዙ ሰው አይከፋውም። ግንዱን መንግሥት ይሥራ ቢባልም የሚቃወም የለም። ሙግቱ ያለው ቅርንጫፉ ላይ ነው፤ እንደ እኛ ቦይ ያለው።

መንግሥት ከፈለ ሲባል የማን ገንዘብ ነው?

መንግሥት የራሱ እርሻ የለውም። የጃፓን እርዳታ የጃፓን ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው፤ የፌዴራል በጀት ከጅማና ከሐዋሳ ነጋዴም የተሰበሰበ ነው። መጨረሻ ላይ ሲታይ መሠረተ ልማት ከሦስት ኪሶች በአንዱ ይከፈላል፦ ከሚገለገልበት ሰው (ታሪፍ)፣ ቦታው ከተወደደለት ሰው (ሊዝና የንብረት ግብር)፣ ወይም ከሁሉም ሰው (ጠቅላላ ግብር)። ብድር አራተኛ ኪስ ይመስላል እንጂ ከሦስቱ አንዱን ነገ ለመክፈት የሚገባ ቃል ነው።

ቆጣሪ የሚገጠምለት ነገር ቀላል ነው። ውሃ የቀዳ ይከፍላል፣ ብዙ የቀዳ በሜትር ኩብ የበለጠ ይከፍላል። የ1991 ዓ.ም. የሀገሪቱ የውሃ ፖሊሲም በገጠር ታሪፉ ቢያንስ የማንቀሳቀሻውንና የጥገናውን ወጪ እንዲሸፍን፣ በከተማ ግን ሙሉውን ወጪ እንዲመልስ ይላል። ወረቀቱና ቧንቧው ግን አይገናኙም። ታሪፍ መጨመር ማንም አይወድም፣ ሹምም ነዋሪም፤ ስለዚህ ታሪፉ ለዓመታት ባለበት ይቆያል። የሚጎዳው ማን ነው ቢባል መልሱ ከተጠበቀው ሌላ ነው። ርካሹን ውሃ የሚያገኘው ቧንቧ ግቢው ድረስ የገባለት የመሐል ከተማ ሰው ነው። በርካሽ የሚሸጠው የውሃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ወደ ዳር መስመር ለመዘርጋት ገንዘብ አይተርፈውም። ዳር ያለው ሰው በአህያ የመጣ ጀሪካን ይገዛል፤ ያንን በሜትር ኩብ ቢያሰሉት መሐል ከተማ ከሚከፈለው እጥፍ ድርብ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ውሃው ሳይጠፋ መስመሩን የሚከፍል ሲጠፋ።

ቆጣሪ የማይገጠምለትስ? ሰፈር ውስጥ በሚያልፍ መንገድ ላይ ገመድ ዘርግተን መንገደኛውን አናስከፍልም። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ደግሞ ባሰ፤ ከላይ ያለው ሰው ካልሠራው የሚጎርፈው ከታች ያለው ቤት ነው። የሀገሪቱ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነበር። ከነዳጅ ዋጋ ላይ ትንሽ እየተቀነሰ መንገድ እንዲጠገንበት ይሰበሰባል፤ ብዙ የነዳ ብዙ ይከፍላል። ነዳጅ የሚያህል ቆጣሪ ለመንገድ አልተገኘም። ፈንዱ ግን ዋና ሥራው ያለውን መጠገን ነው፤ ገና አፈር የሆነውን የሰፈር መንገድ ድንጋይ አያለብሰውም።

ሊዝ ከፍያለሁ፤ ለምን እንደገና እጠየቃለሁ?

ሊዝ ማለት መሬትን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን መከራየት ነው። ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ በግል አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጽንቶታል። ሊዝ በ1986 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተካ፤ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ይሰጣል። በጨረታ ያሸነፈ ሰው ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን ቀድሞ ይከፍላል፣ የቀረውን በየዓመቱ።

ያ 10 በመቶ ነው ቁልፉ። አንድ ምሳሌ እንሥራ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው ናቸው።

ከተማው አንድ ቃዳ ማሳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር፣ ወደ መኖሪያ ሊለውጥ ወሰደ እንበል። ቃዳው 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ 30 በመቶው ለመንገድና ለቦይ ይቀነሳል፤ ለቤት የሚቀረው 1,750 ካሬ ሜትር ነው። ጨረታው በካሬ 4,000 ብር ወጣ ቢባል ጠቅላላው 7,000,000 ብር ነው። ወሬው በከተማው ይናፈሳል፦ ማዘጋጃ ቤቱ ከአንድ ቃዳ ሰባት ሚሊዮን አፈሰ። በመጀመሪያው ዓመት እጁ የገባው ግን 700,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ የገበሬው ካሳ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የማስለቀቂያ አዋጅ፣ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ እንዲከፈለው ያዛል። ማሳው በጥሩ ዓመት 40,000 ብር ያስገባ ከነበረ ካሳው 600,000 ብር ይሆናል። ለመንገዱ፣ ለቦዩ፣ ለውሃውና ለምሰሶው በመጀመሪያው ዓመት የቀረው 100,000 ብር ነው ማለት ነው። በእሱ ስንት ሜትር ድንጋይ ይነጠፋል?

ቤት ሠሪው ግን አሁን ነው የሚገባው። ክረምቱ አሁን ነው የሚመጣው፤ ባጃጁ አስፋልት ዳር አውርዶት ይመለሳል፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ቀሪው 6,300,000 ብር በየዓመቱ እየተቆራረሰ ሲገባ ደግሞ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እየሸሸው ነው። ስለዚህ ሊዝ የከፈለ ሰው ተጨማሪ ሲጠየቅ የግድ ገንዘቡ ተበልቷል ማለት አይደለም፤ ገንዘቡና ወጪው በጊዜ ተላልፈው ሊሆን ይችላል። ተበልቶም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚቻለው ከሊዝ የገባውና ለመሠረተ ልማት የወጣው ጎን ለጎን ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ብቻ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከመዋጮው ይልቅ የሚያናድደኝ የዚያ ወረቀት አለመኖር ነው።

በዚህ ላይ ሁሉም ሰው ሊዝ አልከፈለም። የነባር ይዞታ ባለቤት አለ፣ በቤት ማኅበር ተደራጅቶ በምደባ የተሰጠው አለ፣ በጨረቃ የሠራ አለ። መንገዱ ሲመጣ ሁሉም ይሄድበታል።

ገበሬውስ ምን ከፈለ?

ካሳው ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሚከፈለው ለመሬቱ አይደለም፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። የሚከፈለው ለቀረበት ምርትና በላዩ ላይ ላፈራው ንብረት ነው። በምሳሌያችን በ600,000 ብር የተለቀቀው ቃዳ በ7,000,000 ተጨረተ። በመካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ? ገበሬው አልፈጠረውም፣ ተጫራቹም አልፈጠረው። ከተማዋ ወደዚያ በማደጓ፣ ዩኒቨርሲቲ በመከፈቱ፣ አስፋልት በመቅረቡ የመጣ ነው። ስለዚህ ለጋራ መሠረተ ልማት ይዋል የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው። ጥያቄው ያ መንገድ ሲሠራ ገበሬው ዳር ቆሞ አይቶ የሚቀር መሆኑ ነው። ጎዛምን ውስጥ ወይም ባሕር ዳር ዙሪያ ካሳውን ተቀብሎ ከተማው ጫፍ የቀን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የከተማ መሠረተ ልማት ከፋዮች ሲቆጠሩ እሱ ስሙ አይጠራም፤ ከማንም በላይ ግን አስቀድሞ የከፈለው እሱ ነው።

የ2011ዱ አዋጅ ከቀድሞው የ1997 አዋጅ ይሻላል፤ የቀድሞው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን በ10 ብቻ ነበር የሚያባዛው። ካሳ ሲጨምር ግን የከተማዋ የመነሻ ወጪ ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራል ፕሮጀክቶች የሚከፈለውን ካሳ ጭምር ክልሎች እንዲሸከሙት አደረገ። ከላይ የሚመጣው መንገድ ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ የሰው ግብዣ አይደለም።

መንገድ ሲመጣ የሚያተርፈው ማን ነው?

መንገዱ ዳር ያለው ባለ ቦታ። ሰርክ የምናየው ነገር ነው፦ ድንጋይ ሊነጠፍ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ኪራይ ይጨምራል፣ አጥሩ ፈርሶ ሱቅ ይሆናል። ባለቤቱ ምንም ሳይሠራ ያገኘው ነው። ሌሎች ሀገሮች ይህን ትርፍ ለመካፈል የተለያየ ዘዴ አላቸው። ኮሎምቢያ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንገድ በተሠራ ጊዜ፣ ቦታቸው የተወደደላቸውን ባለቤቶች እንደ ጥቅማቸው መጠን የምታስከፍልበት ሕግ አላት። ሆንግ ኮንግ ባቡር የሚሠራው ድርጅት ጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ቤት የመገንባት መብት ያገኛል፤ ቦታው ሲወደድ ትርፉ ሐዲዱን ይከፍላል። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ አዲስ ሰፈር የሚገነባውን ድርጅት የውሃውንና የመንገዱን ድርሻ ፈቃድ ሲወስድ ያስከፍሉታል፤ ድርጅቱም በቤቱ ዋጋ ላይ ጨምሮ ወደ ገዢው ያሻግረዋል። ከፋዩን ስም መቀየር ቀላል ነው፤ ሸክሙ የት እንዳረፈ ማየት ግን ሌላ ነው።

እኛ ዘንድ ለዚህ የቀረበው መሣሪያ የንብረት ግብር ነው። የጣሪያና ግድግዳ እያልን የምንጠራው ግብር መሠረቱ የ1968 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ ግምቱ ከዘመኑ ጋር ስላልተራመደ መሐል ከተማ ፎቅ ያለውም የሚከፍለው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ግብር አዋጅ አጸደቀ። አዲሱ ሐሳብ ግብሩ ከንብረቱ የገበያ ዋጋ ጋር እንዲያያዝ ነው። በየዓመቱ የሚከፈል ስለሆነ ከሊዝ በተለየ መልኩ ነባር ባለ ይዞታውንም ይነካል፤ መንገድ ሲሠራም ግምቱ ስለሚጨምር ከተማው ካወጣው ከፊሉ ይመለስለታል። መከራው ግን ቤት ያላቸው ገቢ የሌላቸው ሰዎች ላይ ነው። ጡረተኛዋ እናት ቤታቸው ስለተወደደ እጃቸው ላይ ገንዘብ አይመጣም።

ጎጃም ውስጥ ደግሞ ንብረት ልገምት ብሎ የሚመጣ ሰው ታሪክ ይጠብቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ላይ ገበሬው አምፆ የመሬት ለኪዎችን አላስገባም አለ። ጠቡ ከግብሩ መጠን ይልቅ ከቀላዱ፣ ከመሬት መለኪያው ገመድ፣ ጋር ነበር፤ ዛሬ የለካ ነገ ርስት ይነቅላል የሚል ፍርሃት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፣ ንጉሡም ውዝፉን ማሩ። ዘመኑ ሌላ ነው፤ ግን ግብሩን ለምን እንደሚለካ፣ የት እንደሚውል ሳይነግር ሜትር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው ዛሬም ያንኑ ጥርጣሬ ያገኛል።

በብድር ቢሠራስ?

መንገድ 30 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ ሁሉንም ዘንድሮ ያሉት ሰዎች ለምን ይክፈሉት? የብድር ፍትሐዊነት እዚህ ላይ ነው፤ ነገ የሚሄድበት ልጅ ነገ ይከፍላል። የከተማ ውሃ ጽሕፈት ቤቶች ከውሃ ልማት ፈንድ ተበድረው ከታሪፍ የሚመልሱበት መንገድ አለ። በዓለም ባንክ የሚደገፈውና 117 ከተሞችን ያቀፈው የከተሞች የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ደግሞ ከተሞች የራሳቸውን ድርሻ እንዲያዋጡና በየዓመቱ እንዲመዘኑ ያደርግ ነበር። ከዚያ ውጭ አንድ የእኛ ከተማ ባንክ ሄዶ ለጌጠኛ ድንጋይ ተበደርኩ ሊል አይችልም፤ የሚመልስበት የተረጋገጠ ገቢ ከሌለው የሚያበድረውም የለም።

ከተሠራ በኋላስ?

ባሕር ዳር እንደ ዘመናዊ ከተማ ስትነሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የጣልያን የጦር ካሳ፣ ፖሊ ቴክኒኳ የሶቪየት ኅብረት ሥራ ነበሩ። ከሰው ኪስ የመጣ ነገር ደስ ይላል፤ ጥገናውን ግን ማንም ሰው ስጦታ አድርጎ አይሰጥም። ሪባን የሚቆረጥለት ግንባታ እንጂ ቦይ መጥረግ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፤ ጥገና ላይ ግን ሎሚውን ማን አስቀመጠ፣ ማን ሁለት ተሸከመ ተብሎ አይቆጠርም።

የእኛው ቦይ ይህን አሳይቶናል። ቱቦው ከተቀበረ በኋላ ባጃጅ ገባ። ማእዘኑ ላይ ያለው ጎረቤታችን በሁለት ወር ውስጥ አጥሩን አፍርሶ አራት ሱቅ አከራየ። ከኋላው ክፍል ጠላ የሚጠምቁት ተከራይ እናት ኪራያቸው ጨመረ፤ ለቱቦው እኩል ያዋጡት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት ጎርፉ ገረጋንቲውን ጠርጎ አንዱን ቱቦ ሲሰብረው እንደገና ስብሰባ ተጠራ። መምህሩ ደብተራቸውን ገልጠው የዱሮውን ዝርዝር ማንበብ ሲጀምሩ እኚያ እናት እጃቸውን አንሥተው፣ ከስሙ ጎን የሱቁም ቁጥር ይጻፍ አሉ። ማእዘኑ ላይ ያለው ሰው አጉረመረመ፣ ከዚያ የአራት ሱቅ ከፈለ። ተከራዮቹ ግማሽ አዋጡ። ቱቦው አሁን ውሃ እያሳለፈ ነው።